እሱ በተሾመ ቁጥር

ኖርማ ሆልሮይድ በየሳምንቱ ዓርብ ፀጉሯን የምትሠራው እኔ ዘንድ ነበር። ቢሮዋ ከፀጉር ቤቴ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ስለሆነ ወርዳ በሬን መግፋት ብቻ ነው የሚጠበቅባት። ጭንቅላቷን ሳጥብ፣ ቢጉዲ ስጠቀልል፣ ካስክ ውስጥ ሳስገባት ብዙ ዓመት ተቆጠረ። የምነግራችሁን ግማሹን እሷው ነግራኛለች። ግማሹን ደግሞ በጣሪያዬ በኩል ሰምቼዋለሁ፤ ኖርማ ስትናደድ ድምፅዋ ወለል ይበሳል።

የምንጣፍ ፋብሪካው እስኪዘጋ ድረስ የፋብሪካው ጸሐፊ ነበረች። ባሏ ቀደም ብሎ ሞቷል፤ ልጅ አልወለዱም። ያለቻት ታናሽ እህቷ ቤሪል ብቻ ናት። ቤሪል በሠላሳ ዓመቷ እግሯን የሚያዝል በሽታ ያዛትና በተሽከርካሪ ወንበር መሄድ ጀመረች። ድምፅዋን ግን አልነካባትም። ሐሙስ ሐሙስ ሊድስ ሄዳ ከመዘምራን ቡድን ጋር ትዘምራለች። ሳምንቱን ሙሉ የምትኖረው ለዚያች ሐሙስ ነበር ብል አላጋነንኩም።

ችግሩ የሃርደንሾ ባቡር ጣቢያችን ነው። ወደ ሊድስ የሚወስደው ባቡር የሚቆመው ከመንገዱ ጋር ትክክል በሆነው ወገን ስለሆነ ወንበሯን እየገፉ ያስገቧታል። ስትመለስ ግን ባቡሩ በወዲያኛው ወገን ነው የሚያወርዳት፤ ከዚያ ወደ ከተማው ለመሻገር ያለው አንድ የብረት ድልድይ ነው፤ አርባ ሦስት ደረጃ ወደ ላይ፣ አርባ ሦስት ወደ ታች። ስለዚህ ቤሪል ሰፈሯን በመስኮት እያየች አልፋ እስከ ብራክንሊ ትሄዳለች፤ እዚያ አሳንሰር አለ፤ ተሻግራ ሌላ ባቡር ትጠብቅና ወደ ኋላ ትመለሳለች። አንድ ሰዓት ተጨማሪ መንገድ፣ በክረምት፣ እግሯ እየደነዘዘ።

በመጋቢት ወር አንድ ሐሙስ ቀን ቤሪል አሻፈረኝ አለች። "ዛሬ ብራክንሊ አልሄድም፤ ሽንቴ ይዞኛል" ብላ የባቡሩን ሠራተኛ አስገድዳ በወዲያኛው ወገን ወረደች። ዝናቡ ያወርደዋል። እዚያው ጣቢያ ዴዝመንድ አርክል የሚባል ወጣት ጠበቃ የምረጡኝ ወረቀት ያድል ነበር፤ ቀጭን፣ ጆሮው ትልልቅ፣ ሰው ሁሉ ወረቀቱን ተቀብሎ ወዲያው የሚጥልበት። ወረቀቱን አግዳሚ ወንበር ላይ ወርውሮ ሦስት ሰዎች ጠራና ቤሪልን ከነወንበሯ አነሷት። ደረጃውን እየቆጠረ ወጣ፣ እየቆጠረ ወረደ። የከተማው ጋዜጣ ፎቶ አንሺ ለሌላ ጉዳይ መጥቶ ኖሮ ቀረጻቸው። በማግስቱ ፎቶው ከነንግግሩ ወጣ፦ "ይቺ ሴት ዳግመኛ በሰው ትከሻ ቤቷ አትገባም። ብመረጥ እዚህ ጣቢያ አሳንሰር ይሠራል።"

ኖርማ እስከዚያች ቀን ድረስ ለፖለቲካ ደንታ አልነበራትም። በማግስቱ የፓርቲው ቢሮ ሄዳ "የሱን ወረቀት ስጡኝ፣ የት የት ነው የሚታደለው?" አለች። በሦስት መቶ አሥራ አንድ ድምፅ ብልጫ አሸነፈ። ኖርማ ያደለችባቸው ሦስት መንገዶች ባይኖሩ አያሸንፍም ነበር፤ ይህን እሱ ራሱ ብሎታል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ከፀጉር ቤቴ በላይ ያለውን ክፍል ተከራየና ኖርማን ቀጠራት።

ሥራው ቀላል መስሏት ነበር። ዴዝመንድ ሰኞ ለንደን፣ ፓርላማ ይሄዳል፤ ቅዳሜ ጠዋት እዚህ ሆኖ ሰው ይቀበላል፣ ለአንድ ሰው አሥር ደቂቃ። ቤቱ ሻጋታ የበላው፣ የጡረታ ገንዘቡ የቀረበት፣ ሚስቱ ከውጭ አገር መግባት የተከለከለችበት፣ የጎረቤት ውሻ የነከሰው፣ ሁሉም ይመጣል። ሰኞ እስከ ዓርብ ኖርማ ያንን ሁሉ በደብዳቤ ታሳድዳለች። ጎበዝ ነበረች። አንድ ጉዳይ ስትይዝ የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ስሟን ሲሰሙ ያቃስታሉ ይባል ነበር።

በመጀመሪያዎቹ አራት ዓመታት ዴዝመንድ ተራ የምክር ቤት አባል ነበር፤ ፓርቲውም ተቃዋሚ። ስለ ጣቢያችን አሳንሰር አሥራ አንድ ጊዜ ተነስቶ ጠይቋል። አሥራ አንድ ጊዜም "ጉዳዩ በጥናት ላይ ነው" የሚል መልስ ተሰጥቶታል።

"ምን ዓይነት ጥናት ነው?" ትለኛለች ኖርማ፣ ጭንቅላቷ ገንዳዬ ውስጥ ሆኖ። "አርባ ሦስት ደረጃ መቁጠር ስንት ዓመት ይፈጃል? እኔ ልቁጠርላቸው?"

"ፓርቲያቸው ሲያሸንፍ ይሠራል" አልኳት።

"እሱማ ሥልጣን ይያዝ እንጂ!" አለች።

ያዘ። ምርጫው አልፎ ፓርቲው መንግሥት ሲሆን ሰኞ ዕለት ስልክ ደወለላት፤ ደስታው በጣሪያዬ እስኪሰማ።

"ኖርማ፣ ሾሙኝ!"

"እልል! ምን አድርገው?"

"የዓሣ ሀብት ምክትል ሚኒስትር!"

"ዓሣ? ዴዝመንድ፣ ሃርደንሾ ውስጥ ያለው ዓሣ እኮ ከድንች ጋር ጠብሰው የሚሸጡት ብቻ ነው።"

"ጅማሬ ነው፤ ከዚህ ነው የሚወጣው።"

"ይሁን፣ እንኳን ደስ ያለህ። ታዲያ የአሳንሰሩን ጥያቄ ማክሰኞ ታቀርባለህ አይደል?"

እሱም እያፈረ ነገራት። የመንግሥት አባል ምክር ቤት ተነስቶ መንግሥትን አይጠይቅም፤ ደንብ ነው። በውስጥ መስመር ይነጋገር እንደሆነ እንጂ።

በዚያው ዓርብ ስትመጣ ቁጭ እንኳ ሳትል ጀመረች። "ሰማሽ ጊል? ማንም ሳይሆን መጠየቅ ይችል ነበር፣ የሚመልስለት አልነበረም። አሁን ሰው ሲሆን ደግሞ መጠየቅ አይችልም። ይኼን ደንብ ያወጣው ሰው ሻይ ላይ ምን ጨምሮ ነው የጠጣው?"

ሦስት ዓመት ዓሣ ላይ ቆየ። የሰሜን ባሕር ዓሣ አጥማጆች ወደዱት፤ አንዲት እኛ አይተናት የማናውቃት የወደብ ከተማ የዓሣ ገበያዋን በስሙ ሰየመች። ከዚያ ወደ እስር ቤቶች ሚኒስትርነት ተዛወረ፤ አራት ዓመት። ቅዳሜዎቹ እየሳሱ ሄዱ። በወር አራት የነበረው ሁለት፣ ከዚያም አንድ ሆነ። ሰዎች ደረጃውን ወጥተው "የሉም እንዴ?" ሲሉ፣ ኖርማ "ለንደን ናቸው" ትላለች፤ ቃሉን ስትደጋግመው አፏ ይኮመተራል። እሱ የሚሰማውን ሁሉ አሁን እሷ ትሰማለች፣ ደብዳቤውንም እሷው ትጽፋለች፣ እሱ ይፈርማል። ከተማው ሰውየውን አመሰገነ።

ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ሬዲዮ ስንሰማ ስሙ ተጠራ። ዴዝመንድ አርክል የትራንስፖርት ሚኒስትር ሆነ። ምክትል አይደለም፤ ራሱ ሚኒስትሩ። ባቡሩም፣ ሐዲዱም፣ ጣቢያውም፣ ሁሉም በሱ እጅ። ኖርማ ከላይ እየሮጠች ወርዳ እኔንም ደንበኛዬንም አቀፈችን። ዳቦ ቤቱ የሥጋ ፓይ በነፃ ላከ። ቤሪል ስልክ ላይ እየሳቀች ታለቅሳለች። "ሽንቴን ይዤ መኖር ሊቀር ነው!" ትላለች።

በሁለተኛው ቅዳሜ መጣ። በጥቁር መኪና፣ ከሹፌር ጋር፣ እና ወይዘሪት ፔይን ከምትባል የሚኒስቴሩ ሠራተኛ ጋር። ልጅቷ ጨዋ ናት፤ ስትናገር እያንዳንዱን ቃል በካውያ የምትተኩስ ትመስላለች። ኖርማ ቤሪልንም ጠርታ ነበር፤ ቢሮው ፎቅ ላይ ስለሆነ ቤሪል መውጣት አልቻለችምና ሁሉም እኔ ፀጉር ቤት ወረዱ። እኔም ማበጠሪያዬን ይዤ ቆሜ ሰማሁ።

"እህሳ ክቡር ሚኒስትር" አለች ቤሪል፣ "መቼ ነው የምንጀምረው?"

ዴዝመንድ ወይዘሪት ፔይንን አየ። ወይዘሪት ፔይን ጉሮሮዋን ጠረገች።

"ክቡር ሚኒስትሩ በዚህ ጣቢያ ጉዳይ አስተያየት ሊሰጡ አይችሉም" አለች።

"ለምን?" አለች ኖርማ።

"ጣቢያው የሚገኘው እሳቸው በተመረጡበት አካባቢ ነው። ሚኒስትሩ ለገዛ መራጮቻቸው አደሉ እንዳይባል ፋይሉን አያዩትም። ውሳኔው ለምክትላቸው ተላልፏል።"

"ቆይ፣ ቆይ" አለች ኖርማ፣ መዳፏን እያነሳች። "በአገሩ ያለውን የባቡር ጣቢያ ሁሉ ማዘዝ ይችላል፤ ከዚህኛው በስተቀር?"

"በአጭሩ፣ አዎ።"

"ዴዝመንድ፣ ይቺ ልጅ የምትለውን ሰምተሃል?"

"ደንብ ነው ኖርማ። ልክም ነው። ሌላ ሚኒስትር ለሰፈሩ መንገድ ቢሠራ አንቺ ራስሽ ትጮሂ ነበር።"

ይህ እውነት ነበር፤ ለዚህም ነው የባሰ ያናደዳት። አንድ ሰው ሲዋሽሽ ትሰድቢዋለሽ። እውነት ሲነግርሽ ምን ትይዋለሽ?

"እሺ፣ ምክትልህን አናግረው" አለች ቤሪል።

"ማናገር አልችልም።"

"ዓይንህን ጥቀስበት!"

ቤሪል ብቻዋን ሳቀች። ወይዘሪት ፔይን ሰዓቷን አየች፤ ሌላ የሚሄዱበት ነበራቸው። ሲወጣ የቤሪልን እጅ በሁለት እጁ ይዞ "አልረሳሁትም" አላት። እሷም "እኔም አልረሳሁትም፣ በየሳምንቱ ነው የምሄድበት" ብላ መለሰችለት።

ኖርማ እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። ሌላ ዜጋ እንደሚያደርገው ለሚኒስቴሩ ደብዳቤ ጻፈች፤ በራሷ ስም፣ ከቤቷ አድራሻ። ከሁለት ወር በኋላ መልስ መጣ። ዓርብ ዕለት ይዛው ወርዳ መስታወቴ ፊት ቆማ አነበበችልኝ። "ስለ ደብዳቤዎ እናመሰግናለን። ጉዳይዎን በተመለከተ የአካባቢዎን የምክር ቤት ተወካይ እንዲያነጋግሩ እንመክራለን።"

"ተወካዬ ማነው ጊል?"

"ዴዝመንድ።"

"የዴዝመንድን ደብዳቤ የምትጽፈውስ ማናት?"

"አንቺ።"

"ለማን ነው የምጽፈው?"

"ለትራንስፖርት ሚኒስትሩ።"

"እሱስ ማነው?" አለችና ወረቀቱን ጨምድዳ ፀጉር የምጠርግበት ቅርጫት ውስጥ ወረወረችው። ወዲያው ጎንበስ ብላ አወጣችው፤ ፋይል ውስጥ መግባት ነበረበት።

ምክትል ሚኒስትሩ ደግሞ ፈሪ ሰው ነበር። ጣቢያችን ቀድሞ በተራ ዝርዝሩ ላይ ዘጠነኛ ነበር፤ ለአለቃው አደላ እንዳይባል ብሎ ሠላሳ አንደኛ አደረገው። ገንዘብ የተገኘው ለሃያ ጣቢያ ነው። በፓርቲው ዓመታዊ ጉባኤ ላይ ኖርማ ቡና ሲቀዳ አግኝታ ብትይዘው አንገቱን ደፍቶ፣ "የርስዎ ሰው አለቃዬ ባይሆን ኖሮ ይሄኔ አልቆ ነበር ወይዘሮ ሆልሮይድ" አላት። ይህን ስትነግረኝ አልተበሳጨችም፤ ድካም ብቻ ነበር ፊቷ ላይ ያለው። ያን ቀን ካስክ ውስጥ እንዳለች እንቅልፍ ወሰዳት። ከዚያ በፊት እንዲህ ሆና አታውቅም።

በአሥራ አራት ወሩ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሹም ሽር አደረጉ። ዴዝመንድ ወደ ገንዘብ ሚኒስቴር ሄደ፣ ሁለተኛው ሰው ሆኖ። ጋዜጦቹ ትልቅ እድገት ነው አሉ። ትራንስፖርት ላይ የተተካችው ሴትዮ ከኛ ከተማ ጋር ምንም ጉዳይ ስላልነበራት ዝርዝሩን በደንቡ አይታ ሃርደንሾን አራተኛ አደረገችው። ደብዳቤው የመጣ ቀን ኖርማ ፀጉሯ ግማሹ በቢጉዲ፣ ግማሹ እርጥብ ሆኖ መንገድ ላይ ወጥታ ለአውቶቡስ ሹፌሩ ሳይቀር ነገረች። የሚቀጥለው የጸደይ ወር ቁፋሮ ይጀመራል ተባለ።

ዘጠኝ ሳምንት ቆየ ደስታዋ።

አንድ ረቡዕ የመንግሥት ወጪ ቅነሳ ሰነድ ወጣ። ኖርማ እንዲህ ያለ ነገር ከዳር እስከ ዳር ታነባለች፤ ፋብሪካ የለመደችው ነው። ሰማንያ ስምንተኛው ገጽ ላይ አንድ መስመር አገኘች፦ የጣቢያዎች ማሻሻያ፣ ለአምስት ዓመት ታግዷል። ሰነዱን ያዘጋጀውና የፈረመበት የገንዘብ ሚኒስቴሩ ሁለተኛ ሰው ነው።

የዚያን ቀን ጣሪያዬ ሊወርድ ነበር። የሱን መልስ በኋላ ነግራኛለች።

"ጤና ይስጥልኝ። ክቡር ሚኒስትሩን ማነጋገር ፈልጌ ነበር።"

"ኖርማ? እኔ ነኝ እኮ።"

"አውቃለሁ እርስዎ መሆንዎን። ሰማንያ ስምንተኛውን ገጽ ይዤ ነው የደወልኩልዎ።"

"ኖርማ፣ እርስዎ አትበይኝ፣ እባክሽ።"

"ምን ልበል? አንተ የምለው ዝናብ ላይ ቆሞ ወረቀት የሚያድለውን ልጅ ነበር። እርስዎን አላውቅዎትም። መስመሯን አላዩአትም ይሆን ወይስ እያዩ ነው የፈረሙት?"

"አየኋት" አላት። "ሦስት መቶ መስመር ነበር። ሁሉንም ቆርጬ እሷን ብቻ ብተዋት ምን ይሉኝ ነበር? ሆስፒታል ቆርጬ ለሰፈሬ ጣቢያ?"

"ሌላ ሰው ፈርሞት ቢሆን ይሻለኝ ነበር" አለችውና ስልኩን ዘጋች።

ሥራዋን አልለቀቀችም። ለምን አልለቀቅሽም ስላት ተቆጣችኝ። "ሻጋታ የበላቸው ቤቶችስ? እነሱን ማን ይይዝልኛል? አንቺ በማበጠሪያሽ?" አለች። ስለዚህ ቀጠለች፤ የሰው ጉዳይ ይሠምርላታል፣ የራሷ አይሠምርም። በቀጣዮቹ ሦስት ዓመታት ለስንት ሰው ቤት አስገኘች፣ ስንት ሰው ከአገር ከመባረር አስቀረች! ገበያ መሃል ሰው አቁሞ ያቅፋታል። እሷ ግን ሐሙስ ሲመጣ ከቤሪል ጋር ስልክ ማውራት ትፈራ ነበር።

ምክንያቱም ቤሪል መዝሙሩን ተወች። ክረምቱ ከብዷት ብራክንሊ ላይ ሁለት ጊዜ ባቡር አምልጧት አንዴም ታመመች። ሐኪሙ ከልክሎኝ ነው አለች፤ ኖርማ ደውላ ስትጠይቅ ሐኪሙ አልከለከለም።

ዴዝመንድ ከዚያ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነ። አሁን ጠባቂ ፖሊሶች አሉት። ሲመጣ መንገዳችን ይዘጋል፤ የኔ ደንበኞች ሳይቀሩ ቦርሳቸው ይፈተሻል፤ አንዲት አሮጊት ቢጉዲው ራሷ ላይ እያለ መታወቂያ ተጠይቃለች። የሱን ሥራ አልንቅም፤ ከባድ ነው፣ ፀጉሩ በሁለት ዓመት አልቋል። ቅዳሜ የሚመጣው ግን በሦስት ወር አንዴ ሆነ።

አሥራ ሰባት ዓመት ከሠራች በኋላ በመጸው ወራት ኖርማ የስንብት ደብዳቤዋን አስገባች። ሁለት መስመር ነው፣ አሳይታኛለች። ዴዝመንድ ደወለ፣ አበባ ላከ፤ አበባውን ለኔ ሰጠችኝና ፀጉር ቤት መስኮት ላይ አስቀመጥኩት። በወሩ እሱ ሰው የሚቀበልበት ቅዳሜ ሲደርስ ኖርማ ጥሩ ካፖርቷን ለብሳ መጣች። ወደ እኔ የመጣች መስሎኝ ወንበር ሳብኩ። "ዛሬ ላንቺ አይደለም" ብላኝ ወደ ላይ ወጣች። ተሰለፈች። አሥራ አራተኛ ነበረች። ፖሊሱ ቦርሳዋን በረበረ። በቦታዋ የገባችው አዲሷ ልጅ ቀና ሳትል "ስምዎን? ጉዳይዎን?" አለቻት።

"ኖርማ ሆልሮይድ። አሳንሰር።"

ውስጥ የተባባሉት፣ እሷ እንደነገረችኝ፣ እንዲህ ነበር።

"ኖርማ!" አለ ከወንበሩ ተነስቶ። "እንደዚህ ተሰልፈሽ መምጣት ነበረብሽ? ደውለሽልኝ ቢሆን እኮ..."

"አሥር ደቂቃ ነው ያለኝ፣ አታባክንብኝ። ቤሪል መዝሙር ተወች።"

ተቀመጠ። "አልነገርሽኝም።"

"ሰባት ጊዜ ጽፌልሃለሁ። ፀሐፊህ ናት የምታነበው። ያቺ ፀሐፊ ደግሞ እስካለፈው ወር ድረስ እኔ ነበርኩ።"

ፊቱን በእጁ አሸው። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገረ። "እውነቱን ልንገርሽ? ከፍ ባልኩ ቁጥር እጄ አጠረ። ተራ አባል ሳለሁ ቢያንስ መጮህ እችል ነበር። ይኼን ሁሉ ዓመት ሠርቼ፣ ይኼን አደረግኩ ብዬ በእርግጠኝነት የማስታውሰው ያን ቀን ወንበሩን መሸከሜን ነው።"

"እሱንም ሦስት ሰው አግዞህ ነው" አለችው።

ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ከዚያ አንድ ወረቀት ከመሳቢያ አወጣ። ስሟን ለቤተ መንግሥት ሽልማት ልኮታል፤ በአዲሱ ዓመት ይታወጃል፤ ሜዳልያው በደረት የሚሰካ ነው። "ለሕዝብ አገልግሎት" አላት።

"ሕዝቡን የት አደረስኩትና?"

"ስንት ሺህ ሰው ረድተሻል ኖርማ።"

"ሜዳልያውን ስሰካው ቤሪልን ደረጃ ያስወጣታል?"

"እንደዚህ አትበይ።"

"ስሜን አስወጣ፣ ዴዝመንድ። ያንን እንኳ ማድረግ ትችላለህ መቼስ። ወይስ እሱንም ምክትልህ ነው የሚወስነው?" ብላ ተነሳች። አራት ደቂቃ ቀርቷት ነበር። ለአሥራ አምስተኛው ሰውዬ ተወችለት፤ ጣሪያው የሚያፈስ አንድ ጡረተኛ ነበር።

በቀጣዩ ምርጫ ዴዝመንድ አርክል ወንበሩን አጣ። በሺህ ዘጠኝ መቶ ድምፅ ልዩነት። ኖርማ ለማንም ወረቀት አላደለችም፣ ቤቷ ተቀምጣ ሹራብ ሠራች። ደስ ይላታል ብዬ ነበር። ማግስቱን ስትመጣ ግን ዓይኗ ቀልቷል። "ሞኝ ሰው አልነበረም" አለችኝ። "ሌባም አልነበረም። ቢሆን ኖሮ እኮ በቀላሉ እጠላው ነበር።" ከጥቂት ወር በኋላ ወደ ላይኛው ምክር ቤት አስገቡት፤ አሁን ሎርድ አርክል ነው፣ ዕድሜ ልክ።

የአምስቱ ዓመት እገዳ ጊዜው አልቆ ኖሮ ዝርዝሩ ካቆመበት ቀጠለ። ማንም አልጮኸም፣ ማንም አልለመነም። በአዲሷ የምክር ቤት ተወካያችን ሁለተኛ ዓመት አሳንሰሩ ተሠርቶ አለቀ። ሴትዮዋ ለጉዳዩ አንድ ደብዳቤ አልጻፈችም፤ ሪባኑን ግን የቆረጠችው እሷ ናት፣ ስሟም ግድግዳው ላይ ተጽፏል።

ቤሪል ያኔ ኮረብታው ላይ ባለው መንከባከቢያ ቤት አልጋ ላይ ውላለች። ኖርማ ዜናውን ስትነግራት "በይ እንግዲህ፣ ከነአልጋዬ ይዘሽኝ ውጪ" አለቻት። ድምፅዋ ቀጥኖ ነበር፤ ቀልዱ ግን የሷው ነው።

በምርቃቱ ቀን እኔና ኖርማ አብረን ሄድን። እሷ አልሄድም ብላ ነበር፤ እኔ ነኝ የጎተትኳት። ሙዚቃ ነበር፣ የተማሪ ዝማሬ ነበር። ከሕዝቡ ኋላ፣ ከትኬት መሸጫው አጠገብ ዴዝመንድ ቆሟል። ጠባቂ የለውም፤ ጎማ ያላት ሻንጣ ይዟል። ማንም ና ወደ ፊት አላለውም። ኖርማን ሲያይ ባርኔጣውን አወለቀ።

"ቤሪል እንዴት ናት?"

"ተኝታለች። መነሳት አትችልም።"

"ልጠይቃት?"

"ሐሙስ ሂድ" አለችው። "ሐሙስ ይከፋታል።"

ሄዷል። አንዴ ብቻ ሳይሆን በየወሩ ይሄዳል፤ ብስኩት ይዞ፣ ከአልጋዋ አጠገብ ቁጭ ብሎ። ምን እንደሚያወሩ ኖርማ አልጠየቀችም። ይቅር ያለችው እንዳይመስላችሁ፤ ስሙ ሲነሳ አሁንም አፏ ይኮመተራል። "ጊዜ ሲኖረው ሥልጣን የለውም፤ ሥልጣን ሲኖረው ጊዜ የለውም" ትላለች። አሳንሰሩንም እስከ ዛሬ ገብታበት አታውቅም። ጉልበቷ እያመማት ደረጃውን ትወጣለች። ስጠይቃት "ልማዴ ነው" ብላ ትዘጋኛለች።

ማክሰኞ ማክሰኞ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ አንዲት ጠረጴዛ ሰጥተዋት ለሰው ቅጽ ትሞላለች፣ በነፃ። ባለፈው ሳምንት እኔም ሄድኩ። ሠላሳ ሁለት ቁጥር አውቶቡስ መንገዳችን ላይ መቆም ካቆመ አምስት ወሩ ነው፤ አሮጊት ደንበኞቼ በእግራቸው መምጣት አቅቷቸው ቀርተውብኛል። ማዘጋጃ ቤቱ ጉዳዩ በጥናት ላይ ነው ብሎኛል። ኖርማ መነጽሯን አድርጋ አዲስ ቅጽ ሳበች።

"ይኼ ነገር ስንት ጊዜ ይወስዳል ትያለሽ?" አልኳት።

"ዕድሜሽ ስንት ነበር ጊል?"

ቀልዷን መስሎኝ ሳቅሁ። ቀና ብዬ ሳይ እስክሪብቶዋን ቅጹ ላይ ዕድሜ ከሚለው ቦታ አድርጋ መልሴን ትጠብቃለች።